«ሥላሴ (2012) እንዳሉት»፦ የመመረቂያ ሪሰርች ላይ ሳይት አደራረግ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈር ልጅ ሲኒየር ኢሴዩን በላፕቶፕ ይዞ ቤት መጣና «ጋሼ፣ አድቫይዘሬ ጋ ከመግባቴ በፊት አንዴ እይልኝ» አለኝ። ቡና እየጠጣሁ ማንበብ ጀመርኩ፣ ገጽ 9 ላይ ስደርስ «ሥላሴ (2012) እንዳሉት የጤፍ ዋጋ መጨመር በገበሬው ገቢ ላይ…» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ሥላሴ? ለካ የተጠቀሰው ጽሑፍ ባለቤት የአባቱ ስም ገብረ ሥላሴ ነው፣ ሪፈረንስ የሚሠራለት ሶፍትዌር ሰውየው ፈረንጅ መስሎት መጨረሻ ላይ ያገኛትን ቃል የቤተሰብ ስም አደረጋትና «ገብረ»ን ቆርጦ ወደ ኋላ ወረወራት፣ ልጁም አይቶ አላየም። ተሳሳቅን። ከዛ ሪፈረንስ ሊስቱን ከጽሑፉ ጋር ሳስተያየው ሳቄ ጠፋ፣ ከ43 ሪፈረንስ 11ዱ ጽሑፉ ውስጥ የትም የሉም፣ ጽሑፉ ውስጥ የተጠሩ 6 ሰዎች ደግሞ ሊስቱ ላይ የሉም።

እኔም በተራዬ ከሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። የማስተርስ ዲፌንሴ ላይ አንዱ ኤግዛሚነር የቴሲሴን ገጽ 31 በጣታቸው ይዘው «ይሄን መጽሐፍ አንብበኸዋል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «ሽፋኑ ምን ቀለም ነው?» ዝም። እኔ የማውቀው መጽሐፉን ሳይሆን መጽሐፉን ያነበበ ሌላ ሰው የጻፈውን ቴሲስ ነበር፣ ሪፈረንሱንም ከሱ ላይ ነበር እንዳለ ያነሳሁት። እሳቸው ምንም አላሉም፣ በእርሳስ አንድ ነገር ጻፍ አድርገው ቀጠሉ። ነጥብ ይቀንሱብኝ አይቀንሱብኝ አላውቅም፣ እርሳሷ ግን እስካሁን ትታየኛለች።

እና ይሄን ስጽፍ ዋና ነገሬ አንድ ነው፣ ሳይት ማድረግ፣ ማለትም ነገሩን ከየት እንዳመጣችሁት ምንጩን መጥቀስ፣ ራሳችሁ በሄዳችሁበት መንገድ ለሌላ ሰው አድራሻ መንገር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በግራ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ምናምን ብላችሁ ስትነግሩ ራሳችሁ ሄዳችሁበት ካልሆነ ሰውየውን መንገድ ታስቱታላችሁ። ቅንፍ፣ ኮማ፣ ኢታሊክ የሚባለው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ስታይሉን ጠይቁ

አንድ አረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ዲፓርትመንታችሁ የትኛውን ስታይል እንደሚፈልግ እወቁ። ጤና አካባቢ ብዙ ጊዜ ቫንኩቨር ነው፣ በቁጥር የሚሄደው፣ ኢንጂነሪንጎች በካሬ ቅንፍ ቁጥር የሚያስቀምጠውን የአይትሪፕልኢ ስታይል ይጠቀማሉ፣ ታሪክ ፉትኖት ይወዳል፣ ሕግ የራሱ ፉትኖት አለው፣ ሶሻል ሳይንስ፣ ኢዱኬሽንና ቢዝነስ ደግሞ የጸሐፊውን ስምና ዓመቱን ጽሑፉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ኤፒኤ ነው። እኔ እዚህ የማወራው በብዛት ስለ ኤፒኤ ነው ምክንያቱም የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀኝ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ከሲኒየሮች የምትቀበሉት «ሳምፕል» ብዙ ጊዜ በድሮው በኤፒኤ መመሪያ 6ኛ እትም የተሠራ ነው። 7ኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ ነው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ በፊት ከ3 እስከ 5 ጸሐፊ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠሩ ሁሉንም መዘርዘር ነበረባችሁ፣ አሁን 3 እና ከዛ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንደኛውን ስም ብቻ ጽፎ «ኢት አል» (እና ሌሎችም) ማለት ነው። የአሳታሚው ከተማም ቀርቷል፣ ኒው ዮርክ፣ ለንደን እያሉ መጻፍ የለም። አድቫይዘራችሁ በድሮው የለመዱ ከሆኑ ግን አትከራከሩ፣ እሳቸው ያሉትን አድርጉ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ከሆነ ማንም አይጣላችሁም። ችግር የሚሆነው ቻፕተር 1 በአንድ ስታይል፣ ቻፕተር 2 በሌላ ስታይል ሲሆን ነው፣ እሱም የሚሆነው ቻፕተር 2 ከሌላ ቦታ ሲመጣ እንደሆነ ኤግዛሚነር ሁሉ ያውቃል።

ስታነቡ መዝግቡ፣ ስትጨርሱ አይደለም

አብዛኛው መከራ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፒዲኤፍ ከቴሌግራም ይወርዳል፣ ስሙ «ዶኩመንት 4 ፋይናል» ይላል፣ ከመሃሉ አንድ ገጽ ተነብቦ አሪፍ ነገር ይገኛል፣ ወርድ ላይ ይገለበጣል፣ ከሦስት ወር በኋላ «ይሄ ማን ነበር ያለው?» ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ፍለጋ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ፒዲኤፍ እንደከፈትኩ መጀመሪያ ፋይሉን የጸሐፊው ስም፣ ዓመቱና ሁለት ሦስት የርዕሱ ቃል ብዬ ሪኔም አደርገዋለሁ። ከዛ አንድ የወርድ ፋይል ላይ የጸሐፊውን ሙሉ ስም፣ ዓመቱን፣ ርዕሱን፣ የጆርናሉን ስም ከነቮልዩሙና ገጹ፣ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኦንላይን መለያ) ካለው ዲኦአዩን እጽፋለሁ፣ ከሥሩ የወሰድኩትን ሐሳብ ከነገጹ አስቀምጣለሁ። ቃል በቃል የገለበጥኩትን ወዲያው በትእምርተ ጥቅስ ከትቼ ቀይ አደርገዋለሁ፣ በራሴ ቃል ያልኩትን ጥቁር እተወዋለሁ። ይቺ ቀይና ጥቁር ነገር ቀላል ትመስላለች ግን ከሦስት ወር በኋላ የትኛው የእኔ የትኛው የሰውየው እንደሆነ የማውቀው በሷ ብቻ ነው።

ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ላይብረሪ ሄዳችሁ መጽሐፍ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ በሚፈቀድበት ቦታ የርዕሱን ገጽና ጀርባው ላይ ያለውን የኅትመት ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ካልተፈቀደ በእጅ ገልብጡት። መጽሐፉን ቤት ይዛችሁት አትሄዱም፣ ለአንድ ዓመተ ምሕረት ብላችሁ እንደገና ታክሲ ተሳፍራችሁ ስድስት ኪሎ መመለስ ያናድዳል፣ ደርሶብኛል።

ምኑን ነው ሳይት የማደርገው?

ከሰው የመጣ ቁጥር፣ ከሰው የመጣ ሐሳብ፣ የሰው ትርጓሜ፣ የሰው ሠንጠረዥ፣ የሰው ሞዴል፣ ሁሉንም። የዓድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ነው ለማለት ማንንም መጥራት አያስፈልግም፣ ዓለም ያውቀዋል። ስለ ድሉ ምክንያት አንድ የታሪክ ሰው ያቀረበውን ክርክር ስታመጡ ግን መጥራት ግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሠራት ስሕተት አለች፣ አንድ ሙሉ ፓራግራፍ ይገለብጥና መጨረሻዋ ላይ አንድ ቅንፍ ጣል ያደርጋል። አንባቢው ያቺ ቅንፍ የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ትሁን የፓራግራፉን በሙሉ በምን ያውቃል? የሚሻለው መጀመሪያውኑ «አልማዝ (2015) እንደምትለው» ብሎ መግባት ነው፣ ከዛ የሷ ሐሳብ መቀጠሉ ግልጽ እስከሆነ ድረስ በየአረፍተ ነገሩ ቅንፍ መደርደር የለባችሁም፣ የራሳችሁ ሐሳብ ሲጀምር ግን መጀመሩ እንዲታወቅ አድርጉ።

ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ «ምንጭ፦ ኦውን ሰርቬይ» (ራሴ የሰበሰብኩት) የሚለውን ነገር ተጠንቀቁለት። ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተወሰደ ሠንጠረዥ ሥር «ኦውን ሰርቬይ» ተብሎ አይቻለሁ፣ ልጅቷ የአገሪቷን ሕዝብ ለብቻዋ ቆጠረችው ማለት ነው።

ቃል መቀየር ፓራፍሬዝ (በራስ ቃል መጻፍ) አይደለም

ይቺን በምሳሌ ላሳያችሁ፣ አረፍተ ነገሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንድ ጸሐፊ ገጽ 52 ላይ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «በከተማ ዳር ያሉ ገበሬዎች ለመሬታቸው የሚከፈላቸው ካሣ ለጥቂት ዓመታት ፍጆታ የሚበቃ እንጂ ሌላ መተዳደሪያ ለመጀመር የሚያስችል አይደለም።»

ተማሪው ምን ያደርጋል፣ «በከተማ ጫፍ የሚገኙ አርሶ አደሮች ለይዞታቸው የሚሰጣቸው ካሣ ለተወሰኑ ዓመታት ወጪ የሚበቃ እንጂ ሌላ ገቢ ማግኛ ለመጀመር የሚያስችል አይደለም» ይላል። ዳርን ጫፍ አደረገ፣ ገበሬን አርሶ አደር አደረገ፣ አጥንቱ ያው ነው። ይሄ ከነሳይቴሽኑም ቢሆን ኮፒ ነው።

ትክክለኛው መንገድ አንብቦ፣ ፒዲኤፉን ዘግቶ፣ ለጓደኛ እንደሚያወሩት ማውራት ነው። «ሰውየው የሚለው ካሣው ይበላል እንጂ አይተክልም ነው»፣ አሁን ገባችሁ ማለት ነው። ከዛ ጻፉት፦ «እገሌ (2016፣ ገጽ 52) ካሣው ገበሬውን ለተወሰነ ጊዜ ከማቆየት አልፎ ወደ አዲስ ሥራ እንደማያሸጋግረው ያሳያል፤ እኔ ያነጋገርኳቸው 14 አባወራዎች መልስ ግን በከፊል ከዚህ ይለያል።» ያቺ «ግን» የምትለዋ ነች ጽሑፉን ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) የምታደርገው፣ አለበለዚያ የሰው ሐሳብ መጋዘን ነው።

የሰውየው አነጋገር ራሱ የግድ ካስፈለጋችሁ ቃል በቃል አምጡት፣ በትእምርተ ጥቅስ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር። በኤፒኤ ከ40 ቃል በታች ከሆነ እዛው መስመሩ ውስጥ ይገባል፣ 40 እና ከዛ በላይ ከሆነ ትእምርተ ጥቅስ ሳይኖረው ለብቻው ገባ ብሎ ይጻፋል። በሃያ ገጽ ውስጥ ሁለት ሦስት በቂ ነው ባይ ነኝ።

ተርኒቲን የሚባለውን፣ ጽሑፋችሁን ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚያስተያየውን ሶፍትዌር ብዙ ሰው እንደ ፖሊስ ያየዋል፣ እሱ የሚነግራችሁ መመሳሰሉን ብቻ ነው። 12 ከመቶ አምጥቶ የተሰረቀ ሪሰርች አለ፣ 30 አምጥቶ ሪፈረንስ ሊስቱና የመጠይቁ ፎርም ብቻ የተመሳሰለበትም አለ። ቁጥሩን ለማውረድ ቃል የምትቀይሩ ከሆነ ተመልሳችሁ ጫፍና ዳር ውስጥ ናችሁ።

ያላነበባችሁትን እንዳነበባችሁ አታድርጉ

የሽፋኑ ቀለም ጉዳይ ይሄ ነው። አልማዝ በ2015 ጽሑፏ ውስጥ ታምሩ በ1998 ያለውን ጠቅሳለች እንበል፣ እናንተ የታምሩን አላገኛችሁትም። ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው ፈልጎ ማግኘት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ለአፍሪካ ጆርናሎች ኤጆል የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ለቴሲስ የየዩኒቨርሲቲው የኦንላይን ማከማቻ አለ። ሁለተኛው እውነቱን መናገር ነው፣ «ታምሩ (1998)፣ አልማዝ (2015) ውስጥ እንደተጠቀሰው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሪፈረንስ ሊስቱ ላይ የሚገባው አልማዝ ብቻ ነው፣ ያነበባችሁት እሷን ነዋ።

ይሄ ደግሞ የሞራል ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ አልማዝ ተሳስታ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ኢዲኤችኤስ የምንለው፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 ከመቶው የቀነጨሩ ናቸው ይላል። ይቺ ቁጥር ከአርቲክል ወደ አርቲክል ስትዞር አንዱ «ከ5 ዓመት በታች» የሚለውን ይጥላታል፣ ሌላው መቀንጨርን ከመቀጨጭ ያደባልቀዋል፣ መጨረሻ ላይ ተማሪው ጋ ስትደርስ ሌላ ቁጥር ሆናለች። ሪፖርቱ ራሱ በነፃ ይወርዳል እኮ። ስትጠሩትም ጸሐፊው «ኢዲኤችኤስ» አይደለም፣ እሱ የጥናቱ ስም ነው፣ ጸሐፊዎቹ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና አይሲኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ናቸው። ኤጀንሲው አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል፣ እናንተ ግን ሽፋኑ ላይ በታተመው ስም ነው የምትጠሩት። ረጅም የመሥሪያ ቤት ስም መጀመሪያ ሲመጣ ሙሉውን ከነአጭሩ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ በኋላ በአጭሩ።

አሁን ወደ ስማችን እንምጣ

ኤፒኤም ሌሎቹም የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ ጋ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፣ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴ ስንል ጸሐፊው ባሕሩ ናቸው፣ ዘውዴ አባታቸው ናቸው። «ዘውዴ (እ.ኤ.አ. 1991) ይከራከራሉ» ስትሉ የማይመለከታቸውን አባት ነው ክርክር ውስጥ የምታስገቡት። የሌላው የታሪክ ምሁር የታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. የ1972ቱ መጽሐፍም «ታምራት፣ ታ.» ተብሎ በዓለም ዙሪያ ይዞራል፣ ጉግል ስኮላር ላይም በዚሁ መልክ ታገኙታላችሁ።

ምን ይሻላል? በኢትዮጵያ ጥናት አካባቢ የተለመደው ሙሉ ስሙን እንዳለ መጻፍ ነው፣ ጽሑፍ ውስጥ «ባሕሩ ዘውዴ (እ.ኤ.አ. 1991)» ወይም «ባሕሩ (እ.ኤ.አ. 1991)»፣ ሊስቱ ላይ ደግሞ በራሱ በባለቤቱ ስም ፊደል ተራ። ፈረንጆቹ በቤተሰብ ስማቸው ይሄዳሉ፣ ሁለቱ አንድ ሊስት ላይ ቢቀላቀሉ ምንም አይደለም። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ፎክሎር፣ ሕግ የምትማሩ ይሄንን ብትይዙ ጥሩ ነው እላለሁ። ጤናና ተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ግን ዳታቤዙ ሁሉ በአባት ስም ስለያዘው አንባቢው ፈልጎ የሚያገኘውም በዛው ነው፣ እዛ ላይ እንደታተመው ተዉት። ዲፓርትመንቱ «ለሁሉም የአባት ስም» ካለ ደግሞ እሺ በሉ፣ ብቻ አንዱን ሰው ገጽ 5 ላይ በራሱ ገጽ 12 ላይ በአባቱ እየጠራችሁ ሁለት ሰው አታድርጉት።

ሁለት ቃል የሆነን ስም መቁረጥ ግን በየትኛውም ስታይል አይፈቀድም። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል አንድ ስም ናቸው። በአባት ስም የምትሄዱ ከሆነ ሙሉው «ገብረ ሥላሴ» ነው ከኮማው በፊት የሚገባው።

ማዕረግ ደግሞ ይቅር። ዶ/ር፣ ፕሮፌሰር፣ አቶ፣ አለቃ ሳይቴሽን ውስጥ አይገባም። አንዳንዱ ልጅ «ዶ/ር» ካላለ የናቀ ይመስለዋል፣ በተለይ የተጠሩት ሰውዬ አድቫይዘሩ ከሆኑ፣ ግድ የለም አይቀየሙም፣ ማመስገኛ ገጹ ላይ ዶክተር በሏቸው።

ዓመተ ምሕረቱስ?

የአማርኛ መጽሐፍ 1999 ዓ.ም. ታተመ ካለ እናንተ በእንግሊዝኛ ሪሰርች ላይ ዝም ብላችሁ 1999 ካላችሁ አንባቢው በፈረንጅ ያነበዋል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ተፋለሰ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7 ነው፣ ከዛ እስከ ጳጉሜ 8። መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ ወሩ አይጻፍም፣ ስለዚህ ትክክለኛው «2006/07» ነው፣ ወይም 1999 ብላችሁ አጠገቡ ኢ.ሲ. (የኢትዮጵያ አቆጣጠር) ማለት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ ምክንያቱም መጽሐፉን የሚፈልግ ሰው መጽሐፉ ላይ የሚያገኘው 1999 የሚለውን ነው። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ የውጭውን ዓመት «እ.ኤ.አ.» በሉት። የቆዩ መጻሕፍት ላይ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ይመጣል፣ ፲፱፻፷፪ ካለ 1962 ነው፣ ሪፈረንስ ላይ በተለመደው አኃዝ ጻፉት።

ሌላው ማተሚያ ቤቱን አሳታሚ ማድረግ ነው። ብርሃንና ሰላም አተመው ማለት ብርሃንና ሰላም አሳተመው ማለት አይደለም፣ ሰውየው ከኪሱ ከፍሎ ያሳተመው ሊሆን ይችላል። በኤፒኤ ደራሲውና አሳታሚው አንድ ከሆኑ አሳታሚው አይጻፍም፣ አለቀ። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የአማርኛውን ርዕስ በላቲን ፊደል ድምፁን ጽፋችሁ ከጎኑ በካሬ ቅንፍ ትርጉሙን አስቀምጡ፣ ርዕሱን በራሳችሁ እንግሊዝኛ ብቻ ከጻፋችሁት ላይብረሪ ሄዶ የሚያገኘው የለም።

አዋጅ ሲሆን

አዋጅ በቁጥሩ፣ በዓመቱና በአንቀጹ ነው የሚጠራው፣ በገጽ አይደለም። እዚህም የዓመቱ ነገር ይመጣል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በአማርኛ 1156/2011 ነው፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019። ሕገ መንግሥቱም አዋጅ ቁጥር 1/1987፣ በእንግሊዝኛው 1/1995። አንድ ልጅ ሁለቱን የተለያዩ አዋጆች መስለውት «1156/2011 በ1156/2019 ተሻሽሏል» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተሻረ ሕግ ይዞ መገኘት ነው፣ የድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ከተሻረ ቆየ ግን ከድሮ ቴሲስ ሲገለበጥ እሱም አብሮ ይገለበጣል። ነጋሪት ጋዜጣውን ራሱን አውርዱና እዩ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው ያለው፣ ካልተስማሙ አማርኛው ነው የሚጸናው።

ያነጋገራችኋቸው ሰዎች

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይምታታባችሁ። አንድ ባለሙያ በስልክ የነገራችሁ ነገር በኤፒኤ «የግል ግንኙነት» ተብሎ ከስምና ከቀን ጋር ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ይጠራል፣ ሊስት ላይ አይገባም፣ አንባቢው ሄዶ ሊያገኘው አይችልማ። ለጥናታችሁ ኢንተርቪው ያደረጋችኋቸው ተሳታፊዎች ግን ዳታ ናቸው፣ ስማቸውን ላለማውጣት ቃል ገብታችሁ ፎርም አስፈርማችሁ ከዛ በስማቸው ሳይት ማድረግ ቀልድ አይደለም፣ «መረጃ ሰጪ 4» ብላችሁ እለፉ። ታሪክ የምትሠሩ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ የአረጋውያኑ ስም፣ ዕድሜ፣ ያነጋገራችሁበት ቦታና ቀን ተዘርዝሮ መጨረሻ ላይ ይጠበቃል፣ እሱንም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሶፍትዌሩን ጌታ አታድርጉት

ዞተሮ የሚባለው ሪፈረንስ የሚያደራጅ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ አውርዱት፣ ብሮውዘሩ ላይ የሚጫነውንም አብራችሁ ጫኑ። ዲኦአይ ስታስገቡ ሙሉውን መረጃ ራሱ ያመጣል፣ ወርድ ውስጥ ሳይት ስታደርጉ ሊስቱን ራሱ ይሠራል፣ ስታይል ቀይሩ ከተባላችሁ በሁለት ክሊክ ሁሉም ይቀየራል። ሜንዴሌይም ያው ነው፣ የለመዳችሁትን።

ግን ያመጣውን ፈትሹ። ለአበሻ ስም ዞተሮ ላይ አንድ ዘዴ አለ፣ የጸሐፊው ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል፣ «ባሕሩ ዘውዴ» ብላችሁ እዛ ከጻፋችሁ አይገለብጠውም፣ እንዳለ ያወጣዋል። በአባት ስም የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ሳጥን ተዉትና የመጨረሻ ስም በሚለው ላይ «ገብረ ሥላሴ»ን ሙሉውን አስገቡ። ያ ልጅ ይቺን ቢያውቅ ኖሮ ሥላሴን ባላስቸገረ ነበር።

ጉግል ስኮላር ላይ «ሳይት» የምትለዋን ተጭኖ ኮፒ ማድረግም ቀላል ናት ግን ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ናት፣ ዓመቱ የተሳሳተ፣ ርዕሱ በሙሉ በትልልቅ ፊደል፣ ገጹ የሌለ። ፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

ቻትጂፒቲን «ስለዚህ ጉዳይ 10 ሪፈረንስ ስጠኝ» ማለት ደግሞ ተዉት በናታችሁ። እውነተኛ ጸሐፊ፣ እውነተኛ ጆርናል፣ ዓመትና ገጽ አሳክቶ ያልተጻፈ አርቲክል ሊሰጣችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል፣ ጠበቃ እንዲህ ከሆነ ተማሪ ምን ይሆናል። እያንዳንዱን ሪፈረንስ ዲኦአዩን ዶይ ዶት ኦርግ (doi.org) ላይ አስገብታችሁ ያለችው አርቲክል ራሷ ትከፈት እንደሆነ እዩ፣ ዲኦአይ ከሌለው ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ስኮላር ላይ ፈልጉ። የትም ከሌለ የለም ማለት ነው፣ አውጡት።

ከማስገባታችሁ በፊት ባለው ቀን

ሪፈረንስ ሊስቱን ብቻ ፕሪንት አድርጉ። እስክርቢቶ ያዙ። አንደኛውን ስም ውሰዱ፣ ጽሑፉ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ብላችሁ ፈልጉት፣ ከተገኘ ምልክት አድርጉ፣ ካልተገኘ ሰርዙት። ከዛ በተቃራኒው፣ ጽሑፉ ላይ «20» እና «19» ብላችሁ እየፈለጋችሁ እያንዳንዱ ቅንፍ ሊስቱ ላይ መኖሩን እዩ፣ የሁለቱ ዓመት አንድ መሆኑንም። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ሁለት ጽሑፍ ካለው 2019ሀ፣ 2019ለ ብላችሁ ለዩ፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ በነሱ ፊደል። ሊስቱ በፊደል ተራ ይሁን፣ ሁለተኛው መስመር ገባ ይበል፣ ይሄን ወርድ ራሱ ያደርግላችኋል፣ በስፔስ ባር እየገፋችሁ አታሰልፉት።

እኔና ያ ልጅ ይሄን ስንሠራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፣ እናቱ ሁለቴ ደወለች። 43 የነበረው ሪፈረንስ 29 ሆነ፣ ሦስቱ ጭራሽ የትም የማይገኙ ነበሩ፣ ከየት እንዳመጣቸው ስጠይቀው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጠዋት አድቫይዘሩ ጋ ገብቶ ሲወጣ ደወለልኝ፣ «ሪፈረንሱን ገልጠው አዩት፣ ከዛ ሁለተኛው ላይ ጣታቸውን አድርገው 'ይሄን አንብበኸዋል?' አሉኝ» አለኝ። «እና ምን አልክ?» «ጋሼ፣ ፒዲኤፉን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው።»